ፈለገ ብርሃን ላይ የጎደለው ገበታ

ይድረስ ለወንድሜ፤

ከሰላምታ በፊት ኑዛዜ ይቅደም። በሰማይና በምድር ፊት እመሰክራለሁ፦ የአባባን ጥላ ሽቦ የነቀልኩት እኔ ነኝ እንጂ ድመቷ አይደለችም። ለመጫወቻ ባቡራችን፣ የደብረ ወርቅ ገበታ ላይ ሐዲድ ጎድሎኝ ነው። አባባ ለማርያም ሊወጡ ሲዘረጉት ጥላው እንደ ታረደች ዶሮ ክንፉን ጣለ። ድመቷ በኔ ፈንታ ሳምንቱን ሙሉ ስትረገም ከረመች። ይቅር ይበለኝ።

አሁን ሰላምታው። እንዴት ነህ? ጤናህስ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ያለህበት ብርድ ይኑር አይኑር ባላውቅም መጠየቅ ወግ ነው። እኛ ደኅና ነን። እማም ደኅና ናት፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ግን ከሁላችን ቀድማ የምትነሳው እሷ ናት። ከሞጣ በሚኒባስ ለባሕር ዳር ከወጣህ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ስልክህ ላይ አሁንም እደውላለሁ። ሴትዮዋ «ማግኘት አይችሉም» ስትለኝ «እሺ፣ ነገ» እላታለሁ። ተላምደናል።

አክስታችን ይርጋነሽ እሷ ቤት ሳለህ የሠራኸውን የሞጣ ገበታ በሚኒባስ ጣራ ከሁለት ፍየል ጋር አስጭና ላከችልን። ቤቶቹ ሳይነቀነቁ ደረሱ፤ የገበያውን ሣር ብቻ ፍየሎቹ ቀምሰውታል። ዕቃ ቤት አስገብቼ ከቢቸናና ከደብረ ወርቅ ጋር በተርታ አቆምኩት። ያን ቪዲዮ ታስታውሳለህ? የፈረንጅ ሽማግሌዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የባቡር ገበታ ተሸክመው አንድ አዳራሽ ይመጡና እንደ እድር ድንኳን ይገጣጥሙታል። ኮስተር ብለህ ሕጉን ያወጣኸው ያኔ ነው። መሐሉ የሠሪው፣ ጫፉ የሁሉ። መሐሉን ተራራም አድርጊው ገበያ፤ ጫፉ ላይ ግን የገበታው ከፍታ እስከ ወገብ፣ የሐዲዱ ስፋት አራት ጣት። ያውም ያንተ አራት ጣት! በኔ ጣት እየለካሁ ባቡሩን ስንቴ ገደል ከተትኩት። «እጅሽን አሳድጊ» ትለኝ ነበር።

መሐል ላይ ግን አንድ ገበታ ጎደለ፤ ፈለገ ብርሃን። የት እንደገባ አንተም እኔም እናውቃለን። የፈተናህ ውጤት የመጣ ቀን አባባ «ሣንቃ ስትጠርብ ዓመቱ አለቀ» ብለው በምሳር ፈለጡት። በማግስቱ ወደ ሞጣ ሄድክ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ፈለገ ብርሃን የሚባል አገር የለም። እንግዳ እንኳ መንገዱን ሲያወራ እማ ከደብረ ወርቅ አንስታ ሞጣ ታደርሰዋለች።

እና ስማኝ፤ አትሳቅ። ከሰኔ ወዲህ ያ ጉድለት እየሞላ ነው።

መጀመሪያ ከትምህርት ቤት ስመለስ ባዶው ቦታ ላይ አንድ ሣንቃ በአራት እግሩ ቆሞ አገኘሁ። በሳምንቱ በላዩ ለሐዲድ መደብ የሚሆኑ ትናንሽ እንጨቶች ተጋድመዋል፤ ጫፋቸው እንደ ብርዕ የተቀረጸ። ቀጥሎ ሐዲዱ፤ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ሽቦ። እጄን አስገባሁ። አራቱ ጣቶቼ ገብተው ክፍተት ተረፈ። ልኩ ያንተ ነው። ያቺን ከዘይት ጀሪካን የሠራናትን ቢጫ ባቡር ገፋኋት፤ ሐዲዱ እስካለቀበት ድረስ ሳትንገዳገድ ሄደች። ቀስ ብዬ ስምህን ጠራሁ። ጣራው ላይ ዝናቡ ብቻ። በሩን ሳልዘጋ ሮጥኩ።

ለእማ አልነገርኳት። ያልጨረሰውን ሊጨርስ የሚመለሰው የሞተ ሰው ነው ይባላል። ይህን ከአፌ ላወጣ?

ደግሞ ሌሎች እያወጡት ነው። አያ ባንተአምላክ፣ የእድራችን ዳኛ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ሰው ይህን ያህል ጠፍቶ ዝም አይባልም፣ ፍትሐቱ ይፈታ፣ ተዝካሩ ይውጣ ይላሉ። ዕቃ ቤቱን ሲያዩ «ይህ የሰይጣን መጫወቻ ነው» ብለው አማተቡ። ከደቂቃ በኋላ ብቅ ብል አያ ባንተአምላክ ባቡሯን በከዘራቸው እየገፉ «ጡጡጡ» ይላሉ። ገደል ከተቷትና ድመቷን ከሰሱ። ምስኪን ድመት። አባባ ግን አልሳቁም፤ «እስከ ቅዳሜ ስጡኝ» ብቻ አሉ። አባባ ለተዝካሩ እሺ ካሉ አንተ በዚህ ቤት «ነበር» ትባላለህ። እኔም የማን ታናሽ እንደምባል አላውቅም።

አባባ እንደሆኑ ሰሞኑን ልክ አይደሉም። የቅኔ መምህር ያለ ጥላ ታይቶ ያውቃል? በግንቦት የገዙትን አዲሱን ጥላ የት እንደጣሉት እንጃ፤ በስብሰው ነው የሚገቡት። ብጠይቃቸው «ጠበል ነው» አሉኝ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሽማግሌዎቹ ከአባባ ጋር ሳሎን ተቀምጠዋል። እኔ ከፈለገ ብርሃን ሥር ተጎልቼ ይህን እጽፋለሁ። መንፈስም ከሆንክ ዛሬ እይዝሃለሁ። ድንገት ከተያዝኩ ምርቃቱ እንዳይቀርብህ አሁኑኑ ላስቀድመው፦ ባለህበት አምላክ ከለላ ይሁንህ። እንጀራህ ከሰው ፊት አይሁን። እግርህ የቤትህን መንገድ አይርሳ። እማ ተነስታ አንተን የምታገኝበትን ቀን ያቅርብልን፤ አሜን በል።

የውጭው በር ተዘጋ። ሽማግሌዎቹ ወጡ። ቁርጡ ተነገረ ማለት ነው።

ቆይ። የዕቃ ቤቱ በር ተከፈተ።

ጭቃ የነካው ጫማ። መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ከራሴ በላይ ሣንቃው ላይ እጅ አረፈ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ ጣቱን ይቆጥራል። ድምፁ ያንተ ነው፤ ስታረጅ የሚኖርህ ድምፅ።

አባባ ጎንበስ እንኳ ሳይሉ ጠሩኝ።

«ጸደንያ! ከዚያ ውጪና ጫፉን ያዢልኝ። ሰዎቹን ሸኝቻቸዋለሁ። ወንድምሽ ሲመጣ ተንሻፎ እንዳያገኘው።»

ታናሽ እህትህ