ከመቶው ብር ስምንቱ

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፣ ለአቶ ቦጋለ

አባቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎስ እንዴት ነው፣ ጠብታው ትንሽ አሻለው? የእማዬ ጉልበትስ? ብርዱ በረታባችሁ? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን በአካል ደኅና ነኝ። ልቤን ግን አይጠይቁኝ።

መልእክትዎን ወንድሜ ዘውገ አድርሶኛል። ለፋሲካ መጥተው ሽመናዎ ላይ እንደሚቀመጡ፣ ዕቃዎን አቧራ እንዳላስነካው ብለውኛል። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ የቀደድኩት በዚሁ የተነሳ ነው።

እንደሚያውቁት የሸማኔዎች ማኅበራችን ገቢ ከየትም ይምጣ ከየት የሚገባው አንድ ሳጥን ነበር። ሁላችንም የሸማ ገንዘብ እንለዋለን፤ እርስዎም ያደርነው በእጃችን ሥራ ነው እያሉ ይኮሩ ነበር። ዘንድሮ ግን ለግብር ገቢያችንን በየምንጩ ለይተን እንድናቀርብ ተጠየቅን። ጸሐፊዋ እኔ ነኝና የአምስት ዓመት ደረሰኝ ዘርግቼ ለየሁት። ከመቶው ብር ስድሳ አንዱ ነጋዴው ባህረዲን ጆንያ የሚያስቀምጥበት የማኅበሩ ቤት የፊተኛው ክፍል ኪራይ ነው። ሃያ ሁለቱ የአባላት መዋጮ ነው፤ ከገዛ ኪሳችን አውጥተን መልሰን ገቢ ስንለው ኖረናል። ዘጠኙ ገበያተኛ እየከፈለ የሚገባበት የመጸዳጃ ቤታችን ነው። ለሸማ የቀረው ስምንት ነው። መጸዳጃ ቤቱ እንኳ በለጠን።

በስብሰባው ያነበብኩት ነቅተን ገበያ እንፈልጋለን ብዬ ነበር። የዋህ ነኝ። ሊቀመንበሩ ጋሼ ይስሐቅ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እንግዲያው ቀላቢያችን ክፍሉ ነው እንጂ ሽመናው አይደለም። የሽመናውን ዕቃ አውጥተን የኋላውንም ክፍል እናከራየው» አሉ። ወዲያው ድምፅ ተሰጠበት። ቁጥሩን ያቀረብኩት እኔ፣ ምን ብዬ ልከራከር?

ማክሰኞ ሰባቱም የሽመና ዕቃ ተነቀለ። ሠላሳ ዓመት እግርዎን ሰደው የሠሩበት ጉድጓድ በሲሚንቶ ተደፈነ። መወርወሪያዎን ብቻ ይዤ ቤት ገባሁ። ሸማ ተራ ውስጥ ለሸማኔ ቦታ ከጠፋ ከእንግዲህ የት ይገኛል? እኔ ተስፋዬ ተሟጧል፣ አባቴ።

አንድ ነገር ልደብቅዎ አልችልም። ድምፅ ሲሰጥ በእርስዎ ቦታ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። የኪራዩ ድርሻ ለዓይንዎ ማሳከሚያ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይሉን ነበር። እኔም ላስኩ። በስምዎ እጄን አወጣሁ።

እማዬን ጉልበትሽን ስማለች ይበሉልኝ። ለአክስቴ ለእትዬ ቦሰና፣ ለእህቴ ለሩታና ለሕፃኗ ሰላምታዬ ይድረስ። ለፋሲካ ይምጡ፣ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ከዚያ ሲወጡ ግን ወደ ሸማ ተራ ውሰጂኝ አይበሉኝ።

ልጅዎ ምስራ
መርካቶ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.