በታሸገው ኮፈን ሥር ስላለው የሰይቼንቶዬ ፍሬን

ልደታ፣ ጥር 18 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ሂርጳ ዳዲ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ስብሰባ የማይሰለቸው ጉሮሮዎ እንደምን አለ? እኔ የሰይቼንቶ ታክሲ ነጂው ዋቅሹማ ሚደቅሳ፣ ፍሬኔ ከመድከሙ በቀር ደህና ነኝ። ፊደል ስላልቆጠርኩ ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ወይንሀረግ ናት። ቃሉ የእኔ ነው፣ የእሷ እጅ ብቻ ነውና እባክዎ እሷን እንዳያስጠሯት። ደብዳቤውን በኅብረት ሱቁ ሰሌዳ ላይ ያስለጠፍኩት ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ ነው። እርስዎ እንኳ ለስኳር ባይሰለፉ፣ የተሰለፈው አንብቦ ይነግርዎታል።

አንደኛ፤ ምስጋና አለኝ። ባለፈው ኅዳር ታክሲዬን የቀበሌው የቅስቀሳ መኪና እንድትሆን ሲመርጧት አንድም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳያስቸግሩ፣ ቴፑንና ማጉያውን፣ ጣሪያው ላይ ያለውንም ጥሩምባ በገዛ እጅዎ፣ በምላጭና በፕላስተር ገጥመውልኛል። ሽቦውን ከሞተሩ ቁልፍ ጋር ስላገናኙት ሞተሩ ሲነሳ መዝሙሩ አብሮ ይነሳል፣ ሞተሩ እስኪጠፋም አይጠፋም። የድምፅ መቀነሻውን ነቅለው ኪስዎ ስለከተቱት ደግሞ፣ ልቀንስ ወይስ ልተወው ከማለት ሐሳብ ገላግለውኛል። እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፤ የጆሮዬ ነገር ነው። እኔ ጋዜጣ ማንበብ ባልችልም ፍሬን አነባለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሸራውን የቀየርኩት፣ ዘይቱን የሚያግደውን ላስቲክ፣ ጎሚኒውን ፈትቼ ያጠብኩት ግቢዬ ውስጥ በጀርባዬ ተኝቼ ነው፤ መካኒክ የሚባል ሰው ይችን መኪና ነክቷት አያውቅም። ሸራው ሲያልቅ ይፋጫል፤ ዘይቱ ሲያንስ ፔዳሉ ዳገት እንደወጣ ሽማግሌ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ይህን ሁሉ በጆሮዬ ሰምቼ ነበር የማክመው። ከኅዳር ወዲህ ግን ከጠዋት እስከ ማታ የምሰማው የእርሻ ምርት እንዴት እንደሚያድግ ብቻ ስለሆነ ፍሬኑ ታምሞ ሲጮህ አልሰማሁትም። ባለፈው ማክሰኞ ከሰንጋ ተራ ቁልቁል ስወርድ ፔዳሉ ወለል ድረስ ገባ። ደጋግሜ ረገጥኩ፣ ማርሽ ቀነስኩ፣ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ዞር በሉ ብዬ ጮህኩ፤ ከጥሩምባው በታች ማን ይስማኝ! የኅብረት ሱቁን ሰልፍ በትኜ የአሸዋ ክምር ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ሰው አልተነካም። መዝሙሩ በዚያች ሰዓት የሚያቆመን ኃይል የለም እያለ ነበር፣ ውሸት አልነበረም። ወይዘሮ ነፊሳ ዘንቢላቸውን ከአሸዋው እያነሱ፣ «አባባ፣ ስኳር ከፈለጉ እንደ ሰው ወረፋ ይያዙ እንጂ በመኪና ይመጣል እንዴ!» ብለው ሰፈሩን ሁሉ አሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን አራቱንም ጎማ በድንጋይ ደግፌ ነው ያደርኩት።

ሦስተኛውን ባለቤቴ ደሚቱ አታስጽፍ ብላኛለችና አለፍኩት።

አራተኛ፤ ወረቀቱ። ሰይቼንቶ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ባትሪውም የፍሬን ዘይቱም ዕቃ ከፊት ኮፈኑ ሥር ጎን ለጎን ነው ያሉት። እርስዎ ሽቦዎን ከባትሪው ካሰሩ በኋላ እንዳይነካብዎ ብለው ኮፈኑ ላይ ክብ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለጥፈው፣ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ መክፈት ክልክል ነው ብለዋል። አንድ ቆርቆሮ የፍሬን ዘይትና አዲስ ጎሚኒ አልጋዬ ሥር አለኝ። ሥራው የግማሽ ቀን ነው። ቢሮዎ ሄጄ ፈቃድ ስጠይቅ ፍሬኑ መበላሸቱን ከጋራዥ አስመስክር ተባልኩ። ጋራዡ ኮፈኑን ክፈትና እንየው አለኝ። ኮፈኑ ታሽጓል ብዬ ተመለስኩ፤ እንግዲያውስ ማስረጃ የለህም ተባልኩ። እሺ፣ ፈቃዱ እስኪመጣ መኪናዋን ላቁማት ስል ደግሞ ጠዋት ጠዋት ለቅስቀሳ ያልወጣ እንደ አሻጥረኛ ይመዘገባል አሉኝ። ልጠግናት አልችልም፣ ላቆማት አልችልም፣ ስነዳት ደግሞ አትቆምም።

ወረቀቱን በጥፍሬ መቅደድ አያቅተኝም። ነገር ግን ጎረቤታችን በከር የወንድሙን የታሸገ በር ከፍቶ ብርድ ልብስ በማውጣቱ ተወስዶ ይኸው ዓመቱ፣ እስካሁን ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ስለዚህ እጄን አጣጥፌ እነዳለሁ። ደሚቱም ጠዋት ስወጣ ደህና ዋል ማለቱን ትታ፣ እግዜር ያቁምልህ ትለኛለች።

አምስተኛ፤ የምጠይቀው። ቴፑን ይንቀሉልኝ አላልኩም። ጥሩምባውን ያውርዱልኝ አላልኩም። ራስዎ መጥተው፣ ራስዎ የለጠፉትን ወረቀት በራስዎ እጅ አንሥተው፣ ለግማሽ ቀን አጠገቤ ቆመው ይጠብቁኝ። ሽቦዎን አልነካም። ሥራዬን ስጨርስ መልሰው ይለጥፉት፤ ከፈለጉ ሁለት ይለጥፉበት።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ባይሰጡኝም ሊሰጡኝ ስላሰቡ፣ ባያስቡም አንድ ቀን ስለሚያስቡ በትልቅ አክብሮት እጅ እየነሳሁ፣ ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር ደብዳቤዬን በዚሁ አበቃሁ።

ታክሲ ነጂ ዋቅሹማ ሚደቅሳ
(የቀኝ አውራ ጣት አሻራ፤ ጥቁሩ የሞተር ዘይት ነው፣ በሳሙና አይለቅም)

ማስታወሻ፦ ይህ ሲጻፍ የእርስዎ ትእዛዝ ደረሰኝ። የፊታችን ቅዳሜ ለሰልፉ ከጎኔ ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ ሕዝቡን በማይክሮፎን እየጠሩ ከሰንጋ ተራ እስከ ልደታ ይወርዳሉ አሉ። ወንበሩን አራግፌ አነጥፍልዎታለሁ። ኮፈኑን እንደ ትእዛዝዎ አልነካም። የእጅ ፍሬን የለህም ወይ እንዳይሉኝ፣ በማርሽ ስለማቆማት ከኅዳር ወዲህ ያልነካሁትን ማክሰኞ ዕለት ስቤው እጀታው ባዶውን መጣልኝ። ከሥሩ ገብቼ ባይ ገመዱ የለም። ኅዳር ላይ ማሰሪያ አጣሁ ሲሉ ፈትተው ጥሩምባውን ጣሪያው ላይ ያሰሩበት እሱ ኖሯል። መቼም አስተሳሰርዎ የሚያስመሰግን ነው፤ ቅዳሜ እኔና እርስዎ የትም ብንደርስ ጥሩምባው ከቦታው ንቅንቅ አይልም።