በዓሦች ሹመት መካከል ዐርባ አንድ ዓመት፦ የወይዘሮ ሄልሚ ካርሁ ሕይወት

ወይዘሮ ሄልሚ ካርሁ ከአባታቸው ከአቶ ቶይቮ ካርሁና ከእናታቸው ከወይዘሮ አይሊ ሂንትሳ እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1949 በሚኒሶታ፣ በሱፔሪየር ሐይቅ ዳር በምትገኝ የዓሣ አጥማጆች መንደር ተወለዱ። ሁለተኛ ደረጃን በ1967 ቢጨርሱም አባታቸው ታመው ጀልባዋን የሚይዝ ሰው ስላልነበረ ኮሌጅ አልገቡም።

በ1971 በአንድ ዩኒቨርሲቲ የዓሣ ገንዳ አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ። በ1974 ከፖስታ አዳዩ ከአቶ ዌስሊ ኦስትራንደር ጋር ትዳር መሥርተው ሩበንንና ካሪንን ወለዱ።

በገንዳዎቹ የሚኖሩት ጣት የሚያህሉ የአፍሪካ ሐይቅ ዓሦች ነበሩ። በየገንዳው አንዱ ወንድ አለቃ ይሆናል፤ ቀለሙ ደምቆ ሌሎቹን እየነከሰ ጥግ ያስይዛል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር እንደሚቆጨው ማንም ሳይነግረው ያውቃል። አለቃው ከገንዳው ሲወጣ ተከታዩ ወዲያው ቀለም ለብሶ ቦታውን ይይዛል፤ በአንጎሉም ተኝቶ የነበረ ዘረመል (ጂን) በደቂቃዎች ውስጥ ይነቃል። ፕሮፌሰር ጎርደን ፕሪቸት ይህን ሲያጠኑ ዓሦቹን ለአንጎል ምርመራ በመረብ የሚያወጡላቸው ሄልሚ ነበሩ።

በ1998 የሦስት ዓመት ጥናት ሊታተም ሲል ሄልሚን አንድ ነገር ከነከናቸው። አለቃው ዓሣ መረቡን ሊነክስ ስለሚመጣ ሁልጊዜ የሚያወጡት እሱን አስቀድመው ነበር። የበታቾቹ ግን ሩብ ሰዓት ያህል ከመረቡ እየሸሹ ተራቸውን ይጠብቃሉ። በአንጎላቸው የታየው የሹመት ማጣት ይሁን የመረብ ድንጋጤ፣ መለየት አይቻልም ማለት ነው። ያን ጊዜ አቶ ዌስሊ ወገባቸውን ታመው ሥራ አቁመው ስለነበር ቤቱ የሚተዳደረው በሄልሚ ደመወዝ ብቻ ነበር። ቢሆንም ሄደው ለፕሮፌሰሩ ተናገሩ።

«ዶክተር፣ የለካነው ድንጋጤንም ጭምር ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ሦስት ዓመት ገደል ልክተት? ዓሣ አውጪ አልኩሽ እንጂ መቼ ፍረጂ አልኩሽ?»

«ከፈለጉ ያባርሩኝ። እንዲህ ሆኖ ግን አይታተምም።»

ጽሑፉ ከማተሚያው ተመለሰ። ሄልሚ አልተባረሩም፤ ፕሮፌሰሩ ግን ስምንት ወር ሰላም አላሏቸውም። ሥራው እንደገና ሲሠራ የመውጫው ተራ በዕጣ ሆነ፤ እያንዳንዱ ዓሣ እስኪወጣ የቆየበት ጊዜም ተመዘገበ። በአለቃውና በበታቾቹ አንጎል መካከል የታየው ልዩነት በግማሽ አነሰ፤ የቀረው ግን እውነት ነበር። በ2001 ሲታተም የሄልሚ ስም አልነበረበትም። ቤተሰቡን ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል። እሳቸው ግን «የዓሦቹስ ስም መቼ ወጣ?» እያሉ ይስቁ ነበር።

በ2012 ጡረታ ወጡ። በሳንባ ሕመም ለሁለት ዓመት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2023 በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ለፕሮፌሰር ፕሪቸት አሳይተናል፤ ደስ የማይላቸው ነገር ስላለበት። ቁጭ ብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «አንድም ቃል አታውጡ» አሉን፤ «ይልቅ ስሟን ያስቀረሁት እኔ ነኝ ብላችሁ ጨምሩበት።»

ጨምረናል። እውነትን ያልሸሸገች ነፍሳቸውን አምላክ በሰላም ተቀብሎ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን።