ዘውድ ስለደፋችው ድመትና ስለ ሳንቲሟ ዋጋ

ይድረስ ለተከበሩ የሳንቲምና የሜዳሊያ ቤተ መዘክር የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የዓይንዎን ጤና አብዝቼ እመኛለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ለአንድ ተራ ጉዳይ ነው። በዋናው አዳራሽ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ካስቀመጧት ሳንቲም በላይ የሰቀሉት አምፖል እጅግ ስለሚያበራ ድመቷን ዓይኗን ያስጨፍናታል፤ ቢያደበዝዙላት ምንኛ ደስ ባለኝ። ድመት ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። በመግለጫዎ ላይ «ዘውድ የደፋ ደቦል አንበሳ» የተባለችው የእህቴ ድመት ናት፤ ዘውዱንም የደፋሁላት እኔ ነኝ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ቁልፍ ቀራጭ ነኝ። በጓሮዬ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከገበያ የወጡና መልካቸው የተፋቀ እውነተኛ ሳንቲሞችን ሰብስቤ፣ ራሴ በቀረጽኩት ማኅተም በላያቸው ላይ ሌላ ምስል አትማለሁ። ዓመተ ምሕረት ስመርጥላቸውም የመንግሥት ማተሚያ ተበላሽቶ አንድም ሳንቲም ያልወጣበትን ዓመት ነው፤ ማንም እንዳይታለል ብዬ። ክቡርነትዎ ግን ይህንን ሁሉ እንቅፋት ተሻግረው ለመታለል በቅተዋል።

አቤቱታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ሳንቲሟን «በዓለም ብቸኛዋ» ብለዋታል። ስለ ክብሯ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን እህቶቿ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እኔ ቤት ናቸውና ሰምተው ተቀይመዋል።

፪ኛ፦ የሸጠልዎ የጌጣጌጥ ነጋዴ «ጌታዬ፣ የቀልድ ሳንቲም ናት» ቢልዎ፣ «አንተ ምን ታውቃለህ!» ብለው እንደ ቅርስ ገዝተዋታል። ሻጭ ሲያረክስ ገዢ የሚያስወድድበት ገበያ ስላሳዩን ውለታዎ አለብን።

፫ኛ፦ የእህቴ ልጅ በመሥሪያ ቤትዎ የመግለጫ ጸሐፊ ናት። ከድመቷ ጭራ ሥር የአሮጌው ሳንቲም ፊደላት ብቅ ብለው አይታ፣ «ይቺ የአጎቴ እጅ ናት፤ መግለጫዋን ላስተካክል» ብትልዎ፣ ቅርስ አዋርደሻል ብለው ከሥራ አገዷት። እነሆ አሁን ጓሮ ከእኔ ጋር ተቀምጣ ሳንቲም ትወለውላለች። የሚወዱትን ሥራ መነጠቅ ምን እንደሆነ ከፊቷ ላይ እያነበብኩ ነውና፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ለጊዜው አስቀምጬዋለሁ።

ሳንቲሟ ዋጋ ታጣለች ብለው ከሰጉም አይስጉ። እንዲህ ያለችውን ሳንቲም ሰብሳቢዎች የሚፈልጓት ጥንታዊት ስለሆነች አይደለም፤ በቁጥር ጥቂት ስለሆነች፣ ከሥሯ ያለችው አሮጊት ሳንቲም በአዲሱ ምስል መሃል ሾልካ ስለምትታይ፣ ከሁሉም በላይ ምን እንደሆነች ስለማትደብቅ ነው። የሰፈራችን ጥርስ ሐኪም አንዷን ለማግኘት ሲል የተቦረቦሩ ጥርሶቼን ሁሉ ሞልቶልኛል፤ ስለዚህ ዋጋዋን በአፌ ይዤ እዞራለሁ። ዋጋ ቢስ የምትሆነው እርስዎ የሰጧትን የውሸት ማዕረግ ተሸክማ ስትቀርብ ብቻ ነው።

ልመናዬ አንድ ነው፤ ልጅቱን ወደ ወንበሯ ይመልሷት፣ የሳንቲሟንም መግለጫ እሷው ትጻፈው።

ከተቀመጡበት ከፍታ የተነሳ ድመትና አንበሳ ቢመሳሰሉብዎ ከቶ የማይፈርድብዎ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሳዎ፣

የመግለጫ ጸሐፊዋ አጎት

ማስታወሻ፦ ለሚቀጥለው ዐውደ ርእይዎ መነጽር ያደረገች አህያ እየቀረጽኩ ነው። ማንን ትመስላለች ብለው እንዳይጨነቁ ከወዲሁ...

በሩ ተንኳኳ። ልጅቱ ሄዳ ከፈተች። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ነዎት! ባርኔጣዎን እስከ ቅንድብዎ አውርደው፣ «ልጄ፣ አጎትሽ እኔ አልሠራኋትም ብሎ ይፈርምልኝና ነገውኑ ሥራሽ ላይ ነሽ» ሲሏት እዚህ ድረስ ይሰማኛል። እሷም በሩን ወለል አድርጋ፣ «ይግቡ ጋሼ፣ ማተሚያው ጓሮ ነው። አንዷን በገዛ እጅዎ ያትሟትና፣ የመስታወት ሣጥኗን ሳንቲም ማን እንደሠራት እርስዎ ይፈርማሉ» አለችዎ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ ክቡር ሆይ፣ ትልቅ እንግዳ መጥቶብኛልና እዚህ ላይ ላቁም።