ለቦራ የሰጠሁት ግማሽ እንክብል

ማክሰኞ፣ መስከረም 12፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

ሰጠሁት። ግማሽ የትል እንክብል፣ በምላጭ ከመካከሉ ተከፍሎ፣ ተደቁሶ፣ በውኃ ተበጥብጦ፣ በጠርሙስ። የእኅቴ ልጅ ትርንጎ (ከዚህ በኋላ ት.) የፈረሷን የቦራን አንገት ቀና አድርጋ ያዘች። ቦራ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፣ ዋጠ። ሙሉው እንክብል ለበሬ ነው፤ የፈረስ ሆድ ስስ ነው። የሰፈራችን የጋሪ ፈረሶች አራት ነበሩ፣ የባለጋሪው የካሴ ፈረስ ከሞተ ወዲህ ሦስት። ለሁሉም የምሰጠው እኔ ነኝ፤ እኩል፣ በየሁለት ወሩ በሚካኤል ቀን። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳላዛንፍ። ደብተሬ፣ አንተ ምስክሬ ነህ።

ግን ቦራ ከስቷል። የጎኑ አጥንት ይቆጠራል። ክረምቱን ጨፌው ላይ ለምለም ሣር ሲግጥ ከርሞ!

ማክሰኞ፣ መስከረም 19

ባሰበት። ፋንድያው እንደ ላም እበት ቀጥኗል። በገሳይ መንገድ ዳገቱን አልወጣ ብሏት ት. ወርዳ ጋሪውን ከኋላ ገፋች። ባለባጃጆቹ፣ «እመቤት፣ ፈረሱን ጫኝውና አንች ጎትች!» ብለው ሣቁባት።

አንገቱን በደንብ ስላልያዝሽው ነው፣ መድኃኒቱ መሬት ፈሰሰ አልኋት።

«ኧረ እቴቴ! አንቱን ፈርቶ ጠርሙሱንም ሊውጠው ነበር እኮ!»

አልሣቅሁም። እሷም ሁለተኛ አልቀለደችም። ዐረብ አገር አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ያመጣችው ይህን ፈረስና ይህን ጋሪ ነው። ሌላ የላትም።

ሐምሌ ላይ የካሴ ፈረስ ሲሞት እድሩ መካከል ተነሥቼ ነበር። በጭነት ገደልኸው፣ መድኃኒቱንማ በእጄ ሰጥቼዋለሁ ብዬ። ት. ግን ከአቅሙ በላይ ጭና አታውቅም። ታዲያ ይህ ምንድን ነው?

ማክሰኞ፣ መስከረም 26፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

ከእንስሳት ክሊኒክ መመለሳችን ነው። ት. ትኩስ ፋንድያ በፌስታል፣ እኔ የመድኃኒቱን መዝገብ፣ ቦራ ከኋላችን እግሩን እየጎተተ። ሐኪሙ ልጅ እግር፣ ትሑት። በማይክሮስኮፕ አየ፣ እኔንም አሳየኝ። የትል እንቁላል፣ እንደ ተበተነ ጤፍ።

መዝገቡን ዘረጋሁለት። እንደሚያደንቀኝ ጠብቄ፣ አልዋሽም። ገጹን ቀስ እያለ ገለጠ። ከዚያ ሜትር አውጥቶ የቦራን ደረት ዙሪያ ለካ። ሙሉውም አይበቃው ይሆናል አለ። ግማሹ ደካማ ደካማዎቹን ትሎች ሲገድል፣ ብርቱዎቹን ሲያስቀር ኖሯል። የቀሩት ተዋለዱ።

«እማማ፣ መድኃኒቱን አስለመዷቸው እኮ» አለ። እሱ አፈረልኝ።

የፋንድያውም ነገር አለ። እንቁላሉ እዚያው ይፈለፈላል፣ ትሉ ሣሩ ላይ ይወጣል፣ ፈረሱ ይግጠዋል። ከጨፌው አንድ ቀን ፋንድያ አንሥቼ አላውቅም። መድኃኒት እሰጥ የለ!

ሌላ ዓይነት መድኃኒት በክብደቱ ልክ ሰጠው። ከእንግዲህ በቀን ቆጠራ አይደለም፣ ፋንድያው እየተመረመረ ነው። ብዙ ትል ባንዴ ሲሞት ሆዱን ሊቆርጠው ይችላልና ጠብቁት ብሎናል።

ሐሙስ፣ መስከረም 28

አይበላም። ዞሮ ዞሮ ጎኑን ያያል፣ መሬቱን በኮቴው ይጭራል። ት. ሥራ አልወጣችም። ጠረጴዛው ላይ ፓስፖርቷ። እርጥበት እንዳያበላሸው ነው አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። የዐረብ አገር ደላላዋ ትናንት ደውላላታለች፣ ሰምቻለሁ።

የካሴም ፈረስ እንዲሁ ጎኑን ያይ ነበር። እንዲሁ! ቆሜ አይቻለሁ።

መዝገቡን ልቀድደው አነሣሁ፣ እጄ እንቢ አለ። ተማሪ ሳለን ገጽ መቅደድ ያስገርፍ ነበር። ስሕተቱን በአንድ መስመር ሰርዞ ትክክለኛውን ከጎኑ መጻፍ፣ ሕጉ ይህ ነው። የስድስት ዓመቱን በሙሉ ሰረዝሁ። ከጎኑ የምጽፈው ጠፋኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 3

ቦራ በላ! ቅዳሜ ትንሽ ጭድ፣ ዛሬ ገብስ። ድኗል ለማለት ግን ገና ነው፤ የዛሬ ሳምንት ፋንድያው ይታያል። ፓስፖርቱ ከጠረጴዛው አልተነሣም።

ጠዋት ጠዋት ከጨፌው ፋንድያ በአካፋ እለቅማለሁ። ወገቤ! ዛሬ ካሴ በዚያ ሲያልፍ አየኝ። ፈረሱ ከሞተ ወዲህ በገዛ ትከሻው ነው የሰው ዕቃ የሚሸከመው።

«እሜቴ፣ ፋንድያ ጠራጊ ሆኑ ደግሞ? ስጡኝማ!»

አካፋውን ተቀበለኝ። ጆንያውን ሞላልኝ። ፈረስህን የገደለው ጭነት ላይሆን ይችላል ልለው አፌን ከፈትሁ። እግዜር ይስጥልኝ አልሁት። ሄደ።

ፈሪ።

ደግሞስ ለብቻው ብነግረው ምን ይረባዋል? ስሙን ያጠፋሁት በሰው ፊት ነው። እሑድ እድር አለ። የቀሩት ሁለት ባለጋሪዎችም ይመጣሉ፤ ፈረሶቻቸው የኔን ግማሽ እንክብል ሲውጡ ኖረዋልና ሰምተው ወደ ሐኪሙ ይውሰዷቸው። መዝገቡን ይዤ እሄዳለሁ። ሐምሌ ላይ ተነሥቼ፣ ቆሜ ነበር የተናገርሁት። እሑድም ተቀምጬ አልናገርም።