ግማሹ ለመመለሻ

ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ በዛብሽ፣ ግምቢ።

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ዓይንሽ ከፋሲካ ወዲህ ተሻለው ወይስ ያው ነው? «ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንሁም» ተብሎ ይጻፋል። እኔ ግን በናፍቆትሽ ብዙ ሆኛለሁ።

አሠሪዬ አቶ ዓምደሚካኤል ያለ ናፍጣ፣ በባትሪ ብቻ የሚሄድ የጭነት መኪና ለሙከራ አስመጥተዋል። በኤሌክትሪክ ሲሞላ ያድራል፤ ቀን ጨውና ሳሙና ለየሱቁ አደርስበታለሁ። የሄድሁበትንና የቆምሁበትን ሁሉ በደብተር እጽፋለሁ። ፈተናውን ካለፈ የናፍጣው መኪና ይሸጣል። ከወደቀ ወደ ናፍጣውና ወደ ግምቢ መስመር እመለሳለሁ፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ወደ አንቺ ማለት ነው። አዲሱ ድምፅ የለውም። ውስጡ ሆኜ የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ። ወርቂቱ የምትባል ቅቤ ነጋዴ ከኋላዋ ደርሼ ባስደነግጣት፣ «ምነው፣ መኪናህ ጾም ይዟል?» ብላ ሳቀችብኝ። አንቺ በር የምትከፍቺው ዳገቱ ላይ የናፍጣውን ማርሽ ስቀይር ሰምተሽ ነበር።

ሐሙስ ወደ ዲጋ ተላክሁ። ሕጉ አንድ ነው፤ የባትሪው ጠቋሚ ግማሽ ሲደርስ መዞር። ግማሹ ለመመለሻ ነው። ዲጋ ላይ ግማሽ ደረሰ። አልዞርሁም። ወደ ዴዴሳ ወንዝ የሚወርደውን መንገድ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ብዬ ወረድሁ። ከማዶ ያንቺ ተራሮች ይታያሉ። ቁልቁለቱ በዝምታ ወሰደኝ። ስመለስ መኪናው ዳገቱ መሐል ቆመ።

ኦቦ ጉሉማ የሚባሉ ገበሬ ከእርሻቸው መጥተው የባትሪውን ሣጥን አዩና፣ «ድንጋዩ ደክሟል፤ እንደ ራዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጣው» አሉኝ። ልስቅ ነበር። የአባቴን የራዲዮ ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ ስታሰጪ ታየሽኝ። ክዳኑን ከፍቼ ተቀመጥሁ። ከሰዓት በኋላ እውነትም ጥቂት ተንፏቀቀ፤ ደግሞ ቆመ። የኦቦ ጉሉማ በሬዎች ተጠምደው ሲጎትቱት ሰዉ «እርሻ ልታሠራው ነው ወይ?» እያለ አጀበኝ። ኋላ በላክሁት መልእክት ናፍጣው ሊጎትተኝ መጣ። ድምፁን ከሩቅ ስሰማ ብድግ አልሁ። አንቺን ሆንሁ።

ደብተሩ ላይ «ዳገት አልቻለም» ብዬ መጻፍ እችል ነበር። ሁለት ቃል ናት፤ ወደ አንቺ ትመልሰኝ ነበር። ብዕሩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። «መኪናው ደህና ነው፤ ነጂው ግማሹን አልፎ ሄደ» ብዬ ጻፍሁ። አቶ ዓምደሚካኤል ለምን ብለው ጠየቁኝ። ተራራ ለማየት አልኋቸው። ደብተሩን ዘጉት።

ናፍጣው ተሸጠ። የገዛው ሰው በዚያው በግምቢ መስመር ይሠራበታል። እናም እማዬ፣ ዳገቱ ላይ ያን ድምፅ ስትሰሚ በር አትክፈቺ። እኔ አይደለሁም። ለገና ፈቃድ ካገኘሁ በአውቶቡስ እመጣለሁ። ኮቴዬን ትለዪው ይሆን?

ለጎረቤቶቻችን ለኦቦ ሞረዳና ለድርቤ «አካም ጅርቱ» ብለሽ ሰላም በይልኝ። ይህን ለምታነብልሽ ለእህቴ ለየሺአረግ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የበሩን ነገር ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

ልጅሽ አበጋዝ
ነቀምቴ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.