ለልብስ ማስጫችን መብራት ላስገቡልን ክቡር ሰብሳቢ

ለጮራ የቤት መብራት ገጣሚዎች ማኅበር ክቡር ሰብሳቢ፣
ወላይታ ሶዶ

ይህን ደብዳቤ የምትጽፈው የልጄ ሚስት ሩታ ናት። እጁ የእርሷ ነው፤ አፉ የእኔ ነው። እኔ ሻንቆ ቦልቴ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ የተስተካከለ ነገር ካገኙ የእርሷ ነው፣ የሚቆረቁር ነገር ካገኙ የእኔ ነው፤ ሁለቱን እንዳያቀላቅሉብን።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ያ የሚሽከረከረው ወንበርዎም ጭምር ደኅና ናቸው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጎረቤታችን ከእታፈራሁ ቀኝ እጅ በስተቀር ሁላችንም ደኅና ነን። ወደ እጇ እመለሳለሁ፤ ትልቅ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ ክስ አይጀምርም።

ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ከደረሰ በኋላ ባጃጆች በሚቆሙበት ጥግ ላይም ይለጠፋል። እንዲህ የማደርገው ምስጋናዬ በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ እንዳይቀር ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ሩታ በግቢያችን የልብስ እጥበት ሥራ አላት፤ የፔንሲዮን አንሶላና የመዘምራን ልብስ ታጥባለች። ክረምት ሲገባ ዳሞታ ተራራ ደመናውን ሁሉ ወደ እኛ ይለቃል፤ አንሶላው ሽቦ ላይ ይከርማል፣ ይሸታል፣ ደንበኛም ይሸሻል። ስለዚህ እርሷና ልጄ ተጋግዘው የኤሌክትሪክ ልብስ ማድረቂያ ማሽን ከአዲስ አበባ አስመጡ። ሩታ መመሪያውን አንብባ በወላይትኛ አስረዳችኝ፤ ማሽኑ ኃይለኛ በላተኛ ስለሆነ የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል፤ እንፋሎቱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ ይፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መብራቱ መንገድ ሲስት ወደ መሬት የሚያወርደው፣ እርጥብ አፈር ውስጥ የሚቀበር ዘንግ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ እንዲሠሩልን ወደ እርስዎ መጣን፤ እርስዎም «ጭንቀቱን ለእኛ ተዉት» አሉን። ተውንልዎ። እርስዎ ግን ጨዋ ሰው ስለሆኑ አንዲት ሳትጎድል መለሱልን።

አንደኛ፤ ባለሙያ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። አድነው ይባላል፤ ጠባዩ ደግ ነው፤ የመጣውም ጊፋታ ሊገባ ሲል፣ ሶዶ በሙሉ ለአዲስ ዓመት ልብስ በሚያጥብበት ሳምንት ነው። በእኛ ቤት ሊሠራ የመጣ ሰው ሳይበላ መፍቻ አያነሳም፤ ሲጨርስም ሳይበላ አይሄድም። ቦዬ በዳጣ ቀርቦለት በላ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ የመሬቱ ዘንግ የት አለ ብዬ ብጠይቀው ቦዲቲ ከተማ ሌላ ሰው ቤት ረስቼዋለሁ አለ። ተመልሶ እንዳያመጣው ለሌላ ሥራ ወደ ቤሌ የሚወስደው መኪና ሊያመልጠው ነው። ስለዚህ አረንጓዴውን ሽቦ ከማሽኑ አውጥቶ፣ በመስኮት አሳልፎ፣ ጓሯችን ውስጥ በሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች መካከል ከተወጠረው የልብስ ማስጫ ሽቦ ጋር አሰረው። ይህ ደግሞ ምንድን ነው ስለው «አባባ፣ ብረት ብረት ነው፤ እሱም ውጭ ነው ያለው፤ አያስቡ» አለኝ።

አሰብኩ እንጂ። ነገር ግን ሁለተኛው ገበታ ቀርቦ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ከገበታ ያልተነሳ እንግዳ አይወቀስም፤ ነገር የሚጀመረው እጁን ሲታጠብ ነው። እኔም ዱላዬን ይዤ እጁን እስኪታጠብ ጠበቅሁት። የእርስዎ ባለሙያ ግን እጁን የታጠበው አንድ እግሩን ባጃጅ ውስጥ አስገብቶ ነው። እንዲህ ያለ ብልህ ሰው በማኅበርዎ ውስጥ ስላለ እንኳን ደስ አለዎት።

ሁለተኛ፤ ስለ ቁጠባዎ አመሰግናለሁ። አድነው ወፍራም ሽቦ በመግዛት አላስቸገረንም፤ የሳሎናችንን አምፖል ከሚያበራው ቀጭን ሽቦ ላይ ቀጠለልን። ማሽኑ ሲሠራ ሽቦው እንደ ትኩሳት በሽተኛ ጋለ። ላስቲኩ ቀለጠና ራቁቱን የቀረው ሽቦ ማሽኑ ገላ ላይ ተኛ። ከዚያ መብራቱ አድነው ባዘጋጀለት መንገድ ሄደ፤ ከማሽኑ ገላ ወደ አረንጓዴው ሽቦ፣ ከአረንጓዴው ሽቦ ወደ ልብስ ማስጫው። ዘንጉ ቢኖር ኖሮ ወደ መሬት ወርዶ የቤቱን መብራት ሁሉ ባጠፋ ነበር። ዘንጉ ቦዲቲ ስለሆነ ግን መብራቱ ሽቦው ላይ ተቀምጦ ሰው ጠበቀ።

ሦስተኛ፤ የተጠበቀችው ሰው እታፈራሁ ሆነች። ግቢያችን አንድ ነው፤ የእኛ ማስጫ ረጅም ስለሆነ የልጆቿን የጊፋታ ልብስ በየዓመቱ እዚያ ነው የምታሰጣው። የመጀመሪያውን ሸሚዝ ጨምቃ በእርጥብ እጇ ሽቦውን ያዘች። አልጮኸችም፤ መጮህ አልቻለችም። እጇ አልለቅ አላት። ሩታ ሮጣ ቆጣሪው ሥር ያለውን ማጥፊያ ባትመታው ኖሮ ዛሬ የምጽፍልዎ ሌላ ዓይነት ወረቀት ነበር። እታፈራሁ ጭቃው ላይ ወደቀች፤ ተሸክመን ኦቶና ሆስፒታል አደረስናት፤ ሐኪሞቹም ልቧ ደኅና ነው አሉን። ጣቶቿ ግን እስከ ዛሬ አይጨብጡም። እታፈራሁ ልጆቿን የምታሳድገው ሹሩባ በመሥራት ነው፤ ጊፋታ ሲደርስ የሰፈሩ ሴት ራስ ሁሉ እርሷ እጅ ላይ ነበር። ዘንድሮ በሯ ላይ ተቀምጣ ሴቶቹ በሌላ ሰው እጅ ተሠርተው ሲያልፉ አየች። ስጠይቃት «አባባ፣ ምንም አልል፤ ያስተዋልኩት ግን ጥሩ አልሠሩላቸውም» አለችኝ። ሩታ ይህን ልተወው ትላለች። ጻፊው ብያታለሁ።

አራተኛ፤ ስለ ወረቀትዎ አመሰግናለሁ። ሩታ ለማመልከት ቢሮዎ ብትመጣ፣ አቤቱታ የምንቀበለው ሥራውን ከተረከበ ሰው ብቻ ነው ብለው፣ «ሥራው ተጠናቆ፣ ደኅንነቱም ተረጋግጦ ተረክቤአለሁ» የሚል ወረቀት አውራ ጣቴን እንዳሳርፍበት ላኩልኝ። ይህ እንግዲህ መጀመሪያ ዳንኩ በል፣ ከዚያ እናክምሃለን እንደ ማለት ነው። በዚያ ላይ «አማትሽ ስላልተማሩ ነው መብራት የሚፈሩት» ብለዋታል። እውነት ነው፣ አልተማርኩም። እታፈራሁ ስትወድቅ ያየሁት ግን በፊደል የተጻፈ አልነበረም። አውራ ጣቴ ደግሞ ከእኔ ጋር አርጅታለች፤ መሬት ተካፍላለች፣ ጠብ አስታርቃለች፣ ልጅ ድራለች፤ እስከ ዛሬ ግን ዋሽታ አታውቅም፤ በእርጅናዋ አላስለምዳትም።

አምስተኛ፤ የእንፋሎቱን ቱቦ ወደ ሳሎናችን ስላዞሩልን ግድግዳው ያልበዋል። ይህን ከእታፈራሁ እጅ አጠገብ ማንሳት ነውር ስለሆነ ትቼዋለሁ፤ ሩታ ግን ቁጥር ሰጥታዋለች።

አሁን ማሽኑ ተነቅሎ፣ ጨርቅ ለብሶ እንደ እንግዳ ጥግ ይዞ ቆሟል። ሩታ አንሶላውን ናይለን ገመድ ላይ ታሰጣለች፤ አንሶላው ይሸታል፤ ከደንበኞቿም ትልቁ ፔንሲዮን አንሶላውን ሰብስቦ ወስዷል። ዝናቡ ዘንድሮ የሚያቆም አይመስልም፤ እርሷም ቢቸግራት ማሽኑን እንዳለ ልሰካው ማለት ጀምራለች። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። እኔ ገበያ የሄድኩ ዕለት ብትሰካውስ?

ስለዚህ የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ያ ዘንግ ከቦዲቲ ጉብኝቱ ይመለስ። ከጓሯችን እንሰት ሥር ይቀበር፤ እዚያ አፈሩ በበጋም አይደርቅም። ለማሽኑ የራሱ ወፍራም ሽቦና ሲሳሳት ራሱን የሚያጠፋ ብሬከር ይግባለት፤ ቱቦውም ወደ ውጭ ይዙር። እርስዎም መጥተው እታፈራሁ ቤት ዝቅ ብለው ይቀመጡና እጅሽ እንዴት ነው ብለው ይጠይቋት። ይህ ሲሆን አውራ ጣቴን ሳይለምኑኝ አሳርፋለሁ። ገበታውም ይቀርባል፤ ሁለቱም።

ማኅበርዎ ለልብስ ማድረቂያ የሚሆን ሽቦ አጥቶ ለልብስ ማስጫ መብራት ማስገባቱን በየሰፈሩ የሚያወራልዎ፣ ለቢሮዎ ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ጥንካሬ፣ ለራስዎም የደረቀ ልብስ የሚመኝልዎ፣

ታላቅ አክባሪዎ
ሻንቆ ቦልቴ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለኝም የሚሉ ከሆነ አጭር መንገድ አለ። የላኩልኝን ወረቀትና አንድ እርጥብ ሸሚዝ ይዘው ይምጡ። ማሽኑን አድነው እንደ ገጠመው መልሰን እንሰካዋለን። እርስዎ ሸሚዙን ሽቦው ላይ ያሰጣሉ፣ እኔም አውራ ጣቴን ወረቀቱ ላይ አሳርፋለሁ፤ ሁለታችንም እኩል፣ በአንድ ጊዜ። ሥራው አስተማማኝ ነው ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎትና እጅዎ እንደማይዘገይ አምናለሁ።

ሩታ፣ በይ አሁን ብዕሩን አስቀምጪና ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። በዚህኛው ላይ አውራ ጣቴን አሳርፋለሁ፤ ግን መጀመሪያ ልስማው።